በመንዝ አገር ስለ ሴቶች የእርሻ ድካምና ስለ መሬታቸው

እርሻ ማለት ሞፈርና ቀንበር ብቻ አይደለም። ዳሩ ግን ገበሬ ተብሎ የሚቈጠረው ዕርፍ የሚጨብጠው ወንድ ብቻ ሲሆን የሴቲቱ ድካም ከመዝገብ ይቀራል። ይህ አቈጣጠር መሬትንም እህልንም የሚነካ ስለ ሆነ፥ አገር የሚያስተዳድር ሹም ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል።

መሐል ሜዳ ያለችበት የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና አተር የሚበቅልበት፥ በግ የሚረባበት ብርዳም አገር ነው። በዚህ አገር ማረስና መዝራት የወንድ ሥራ ነው። አውድማውን በእበት መለቅለቅ፥ እህሉን ማበጠርና ማሰናዳት፥ ኩበት መጠፍጠፍ፥ ውሃ መቅዳት የሴት ነው፤ በአረምና በአጨዳም ትደክማለች። የበጉንም ጠጕር ፈትላ ለሸማኔው የምታቀርብ እርስዋ ናት። እንግዲህ ወንዱ በሬውን ፈትቶ ሲያርፍ የሴቲቱ ሥራ ገና አላለቀም።

በቀድሞው የርስት ሥርዓት የመንዝ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት ትጠይቅ ነበር። መብቱ ቢኖራትም፥ በሬ ጠምዶ የሚያርስላት ካጣች ጥቅሙ ይጐድልባት ነበር። ይህ ችግር ከርስቱ ሥርዓት ጋር አልቀረም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፥ የደረሰ ወንድ ልጅ ከሌላት፥ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ምርቱም ለሁለት ይከፈላል። አራሹ አስቀድሞ የራሱን ማሳ ካረሰ የእርስዋ ዘግይቶ ይዘራል፤ በደጋ ደግሞ የዘገየውን ሰብል ውርጭ ይመታዋል። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነም ከጊዜ በኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ፥ ወንድና ሴት ሳይለይ፥ ራሱ ሊያርስ ለሚወድ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ነገር ግን በገበሬ ማኅበር መዝገብ ባብዛኛው የሚጻፈው አባወራው ስለ ነበረ ሚስት ተረሳች። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች በመሬት ለመጠቀምና መሬትን ለማስተዳደር ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣውም የገጠር መሬት አዋጅ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ።

ሕግ ግን በሹም እጅ ካልተፈጸመ በወረቀት ይቀራል። ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ።

1ኛ፤ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ባልና ሚስት አብረው ቀርበው ይነበብላቸው።

2ኛ፤ የእኩል ውል በምስክር ፊት ይጻፍ፥ ይመዝገብም፤ የሚታረስበት ጊዜና የዘሩ ወጪ በውሉ ይገለጥ።

3ኛ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲታደል ሴት የምትመራው ቤት አይዘለል፤ የእርሻ ትምህርትም ሴቶች ከቤት ሥራ በሚያርፉበት ሰዓት ይሁን።

4ኛ፤ በወንፈል ጊዜ በሬ የሌላት ሴት ላሳረሰችበት ቀን በአረምና በአጨዳ ቀን ብድር እንድትመልስ ሽማግሌዎች ይስማሙ።

ማሳው በወቅቱ ከታረሰ ጎተራው ይሞላል፤ የሞላው ጎተራም የቤቱን ልጆች ሁሉ ይመግባል። የመበለቲቱን ማሳ በወቅቱ ያሳረሰ ሹም ወረዳውን ከረኃብ ጠበቀ ማለት ነው።