ከድንጋዩ ጋር ምን መጣ?

ለቤቱ የባሕር ውኃ ገንዳ ከባሕር የወጣ ድንጋይ ወይም ከሌላ ገንዳ የተቆረጠ ኮራል የሚገዛ ሰው፣ ላዩ ላይ ተጣብቆ የመጣውንም ሁሉ አብሮ ይገዛል። ከሳምንታት በኋላ ከስንጥቅ ውስጥ አንድ ያልታሰበ ነገር ብቅ ይላል፦ ቡናማ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ከውኃው ጋር የሚወዛወዝ። አንዳንዱ ምርቃት ያገኘ መስሎት ደስ ይለዋል፤ ሌላው ወዲያው ቢላ ያነሳል። ሁለቱም ቢታገሡ ይሻላቸዋል።

ብቅ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አኔሞን ነው፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ግን ቀለሙን አይመኑ። አኔሞን ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ቡናማነቱ የሚመጣው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ያው አኔሞን ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ከበቀለ ነጣ ብሎ ይታያል። ይልቅስ የእጆቹን ጫፍ፣ የግንዱን ርዝመትና ሲነኩት የሚያደርገውን ይመልከቱ።

በብዛት የሚያጋጥመው አይፕታዥያ ነው። ግንዱ ረዘም ያለ፣ እጆቹ ቀጫጭንና ወደ ጫፋቸው እየሾሉ የሚሄዱ፣ ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ትንሽ ውኃ ቢረጩበት በቅጽበት ወደ ስንጥቁ ይሰበሰባል። ክፉኛ ሲነካ ደግሞ የሚናደፉ ነጫጭ ክሮች ይለቃል። ቢላ ያነሳው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አይፕታዥያ ለመራባት የግድ ተባዕትና እንስት አያሻውም፤ ከእግሩ ተቆርጦ ድንጋዩ ላይ የቀረ ቅንጣት ሥጋ ራሱን የቻለ አኔሞን ይሆናል። የፋቁት እንደሆነ ሥራውን ሠሩለት ማለት ነው። ለእኛ መዓት የሆነው ይህ ጠባዩ ለተመራማሪዎች ሲሳይ ነው፤ ኮራልና አልጌ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለማጥናት፣ ለማርባት በሚያስቸግረው ኮራል ፈንታ እሱን በቤተ ሙከራ ያረባሉ። ጂኖሙ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ሥራውን የመሩትም በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ በቱዋል የሚገኘው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

ማጃኖ ግን ደንደን ያለ ነው። ግንዱ አጭር፣ እጆቹም አጫጭርና ጫፋቸው ያበጠ። አንዳንዴ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጫፍ ስላለው ያምራል፤ ብዙ ሰው ሳይነቅል የሚተወውም ስለዚህ ነው። ቁንጅናው አያታልልዎ፤ እሱም ይራባል፣ ጎረቤት ኮራልንም ይነድፋል።

ሌሊት መብራት አጥፍተው ባትሪ ሲያበሩ ሌላ ፍጥረት ሊያዩ ይችላሉ፦ ገላው እንደ መስተዋት ጠርቶ የሚያሳይ፣ እያንዳንዱ እጁ እንደ ክብሪት እንጨት ጫፉ ላይ ክብ ራስ ያለው። ይህ እንዲያውም እውነተኛ አኔሞን አይደለም፤ ትንሽ ከሆነ ይተዉት። ሲነኩት ላባው ጠፍቶ ባዶ ቱቦ ብቻ የሚቀረው ደግሞ ትል ነው፤ ጉዳት የለውም።

አንድ ነገር ግን በቀላሉ አይለፉት። ጠፍጣፋ ፊት ያላቸው፣ በጠርዛቸው ብቻ አጫጭር ዘርፍ የተደረደረባቸውና ከሥር በአንድ ሥጋ የተያያዙት ዞአንቲዶች ናቸው። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው። ተባይ መስሏቸው ድንጋዩን ቀቅለው በእንፋሎቱ የተመረዙ ቤተሰቦች አሉ። ምንነቱን ያላወቁትን ድንጋይ አይቀቅሉ፤ ያለ ጓንትም አይፈግፍጉ።

አይፕታዥያ መሆኑን ካረጋገጡና ጥቂት ከሆነ፣ የውኃ ማዘዋወሪያውን አጥፍተው በውኃ የተለወሰ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በስሪንጅ አፉ ላይ ያድርጉበት። በአንድ ቀን ብዙ አይሞክሩ፤ የውኃውን ፒኤች ያንረዋል። ከበዛ ግን የሚበላው እንስሳ ይፈለግ። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይበላዋል፤ ሲገዙ ግን ጀርባውን ይዩ፣ ጎባጣው ሌላ ዝርያ ነው፣ ኮራል ይበላል። በእኔ ግምት የተሻለው በርጊያ የተባለው ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከአይፕታዥያ በቀር ሌላ ምግብ አያውቅምና። ገንዳውን የሞላው ማጃኖ ከሆነ ግን በርጊያ በረሃብ ያልቃል። አይፕታዥያው ሲጠፋም የበርጊያው ቀለብ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቀድመው አውጥተው ይኸው ችግር ላለበት ሌላ ገንዳ ያስተላልፉት።