የዱር አህያውን ነፃ ያወጣው ማን ነው?



በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 39 እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ዱር አህያ ይጠይቀዋል። ያን እንስሳ ከእስራት የፈታው፣ ምድረ በዳውንም ቤት አድርጎ የሰጠው ማን እንደ ሆነ እንዲመልስለት ይሻል። ኢዮብ ጥያቄውን የሚሰማው ስለ ራሱ መከራ እየተሟገተ ሳለ ነው። ሸክም የማይሸከም፣ ለሰው የማይታዘዝ ፍጡርም በፈጣሪው ዘንድ ስፍራ እንዳለው ያን ጊዜ ይማራል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የቤት አህያችን የዘር ምንጭ የሆነው የአፍሪካ የዱር አህያ ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በሀገራችን በአፋር ምድረ በዳና በኤርትራ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ200 እንደማይበልጡ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግምት ያመለክታል። ለሥጋውና ለመድኃኒት ሲባል ታድኗል። ውርንጭላ ያላት እናት ደግሞ ከውሃ ርቃ መቆየት አትችልም፤ በድርቅ ዘመን ግን ያንኑ ውሃ የአርብቶ አደሩ ከብቶችም ይፈልጉታል። ሁለቱም የተጠሙ ናቸውና አርብቶ አደሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ምድረ በዳ ባዶ መሬት ይመስለናል። ይሁን እንጂ ዝናቡ ጥቂት ስለ ሆነ የተቆረጠ ግራር በቶሎ አይተካም። ከጥላው ጋር ሣሩ፣ ከሣሩ ጋር ሳላውና ሚዳቋው ይሄዳሉ። በበጎ አሳብ የተደረገም ሊጎዳ ይችላል። ፕሮሶፒስ የተባለው ባዕድ ዛፍ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አፈርን እንዲጠብቅ ወደ አፋር ገባ፤ ከብቶች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በእበታቸው በተኑት፤ ዛሬ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሯል።

ታዲያ ይህ በዓለም ባንክ ሰፈር ለምንኖረው ምናችን ነው? መልሱ ከምድጃችን ላይ አለ። ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ከሰል ከፊሉ ከስምጥ ሸለቆና ከአዋሽ ቆላ ግራር የሚከሰል ነው። ወራሪውን ዛፍ ማክሰል እንደ መፍትሔ ተሞክሮ ነበር፤ በዚያ ሽፋን ግን አገር በቀሉም ግራር ተቆርጧል። ከሰል ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት አንኮንናትም፤ መብራት ሲጠፋ ሌላ ምርጫ የሌለውንም ቤተሰብ እንዲሁ። የምንለው፣ የሚችል ይቀንስ ነው። ላቀች የተባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም፣ መብራት ባለበት ሰዓት ወጡን አስቀድሞ መሥራት፣ ለቡና የተቀጣጠለውን ፍም ለሌላ ሥራ ማዋል ትንሽ ቢመስልም ትርጉም አለው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ዐዋዲ መልእክታቸው፣ የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት ተለያይተው እንደማይሰሙ አስተምረዋል። የዱር አህያውና አርብቶ አደሩ በአንድ ውሃ አጠገብ መጠማታቸው ይህንኑ ያሳየናል።

ለውይይት፦
1. እግዚአብሔር ለኢዮብ ስለ ራሱ መከራ ከመመለስ ይልቅ ስለ ዱር እንስሳት የጠየቀው ስለ ምን ይመስላችኋል?
2. በቤታችን በሳምንት ምን ያህል ከሰል እናነዳለን? ከየት እንደ መጣስ ጠይቀን እናውቃለን?
3. የአርብቶ አደሩን ኑሮ ሳንጎዳ ፍጥረትን መጠበቅ የሚቻለው እንዴት ነው?

የዱር አህያውን እኛ አልፈጠርነውም፤ ነፃም ያወጣነው እኛ አይደለንም። ቤቱን አለማፍረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።