ምዕራፍ 7፦ የውሃውን መንገድ ይከተሉ፤ የዛገ ቮልስ በቤት ግቢ ሲጠገን

የቮልስ ፓራፋንጎ ላይ ቀለሙ አብጦ ካዩ ዝገቱ የጀመረው እዚያ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ በኩል፣ ጭቃ ተጋግሮ በኖረበት የላሜራው ገጽ ላይ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ ገፍቶ ያነሳዋል። ስለዚህ ዓይን የሚያየው የመጨረሻውን ደረጃ ነው። እብጠቱን ፍቆ፣ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት መኪናውን ለገበያ ያሳምረው ይሆናል እንጂ ጥገና አይባልም። ውሃው የገባበት መንገድ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዝገቱ ከስቱኮው ሥር ሥራውን ይቀጥላል። ከመቁረጥዎና ከማስበየድዎ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባና የት እንደሚተኛ ይወቁ።

ምሳሌ የማደርገው ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነችውን ቮልስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ የወጣችው ሜክሲኮ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ ነው። በአገራችን ታሪክም ስሟ አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ከትርፍ ጊዜ ፍቅር አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። እኔ ግን የመረጥኳት በአሠራሯ ነው። አራቱ ፓራፋንጎዎች፣ የጎን መርገጫዎቹ፣ በሮቹና ኮፈኖቹ በቡሎን ይፈታሉ፤ አካሏ ራሱ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በቡሎን ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የተበላሸውን አውርዶ በጠረጴዛ ላይ፣ በብርሃን፣ ሳይቸኩሉ መሥራት ይቻላል።

ምርመራውን ከላይ ወደ ታች ያድርጉ፤ ውሃም የሚሄደው እንደዚያው ነው። በፊትና በኋላ መስታወቶች ዙሪያ ያለው ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ በዚያ ሰርጎ በውስጠኛው ግድግዳ ይወርድና ምንጣፍ ሥር ይተኛል። በሮቹ በታችኛው ጠርዛቸው ላይ ትንንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በመስኮቱ ጎን ወደ በሩ የሚገባው ውሃ በእነርሱ እንዲወጣ ነው። አቧራና ቅጠል ሲደፍናቸው በሩ ውሃ ያቁርና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል የተጠቀጠቀው የጎማ ክር ጭቃና እርጥበት ይይዛል። ከፊት ያለው የትርፍ ጎማ ማስቀመጫም ጎድጓዳ በመሆኑ የኮፈኑ ጎማ ካረጀ ውሃ ያጠራቅማል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባዶ የብረት ቦይ ነው። ይህ ቦይ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሞተሩ የሚያሞቀውን አየር ወደ ፊት መስታወትና ወደ ተሳፋሪው እግር ማድረስ ነው፤ ሌላውና ዋናው የአካሉን ጎን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ውጫዊ ገጹ ያማረ ሆኖ ውስጡ ያለቀ ቦይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ይህ ሲሆን መኪናዋ ጥንካሬዋን አጥታለች ማለት ነው። አሮጌ ቮልስ ሊገዙ ከሆነ ከሞተሩ ድምፅ በፊት ይህን ቦይ ይመልከቱ።

ሁለተኛው የታወቀ ቦታ ባትሪው ነው። በቮልስ ውስጥ ባትሪው የሚቀመጠው በኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ከባትሪው የሚተነውና የሚፈሰው አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላል፤ ስለዚህ ከግራው ይልቅ የቀኙ የኋላ ወለል ቀድሞ የሚበሰብስባቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው። እዚህ ቦታ ላይ ውሃው ብቻውን አልሠራም፤ አዲስ ላሜራ ከመበየድዎ በፊት አካባቢውን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥበው አሲዱን ያርክሱና በደንብ ያድርቁ። ባትሪው ሲመለስ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ክዳን ሊኖረው ይገባል። የኋላ ወንበሩ የሽቦ ሞላዎች ሰው ሲቀመጥባቸው ረግበው የባትሪውን ራሶች ከነኩ እሳት ያስነሳሉ።

ለምርመራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፤ አንድ ማግኔት፣ አንድ ትንሽ መዶሻ፣ አንድ ያረጀ ካቻቢቴ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በአካሉ ላይ ያንሸራቱት፤ መያዝ ባቆመበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። በመዶሻው ቀስ ብለው ሲያንኳኩ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይደነቁራል። ከዚያ በካቻቢቴው ይውጉ። አሳዝኖዎት እጅዎን አይሰብስቡ፤ በካቻቢቴ የሚበሳ ላሜራ ቀድሞውኑ የለም። ያገኙትን ሁሉ በጠመኔ ያክብቡና ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ።

አሁን ምን በቤት እንደሚሠራ፣ ምን ለባለሙያ እንደሚሰጥ ይወስናሉ። ፓራፋንጎ ማውረድ፣ ዝገት መፋቅ፣ ማከም፣ ቁራጭ ላሜራ ማዘጋጀት፣ ስቱኮና አንቲረስት መቀባት በግቢ ውስጥ ይሠራል። የበሮቹ ሥር ቦይ ግን ከተበላ ለልምድ ላለው ባትላሜራ ይስጡ፤ ይህን የምለው በአንባቢዬ እጅ ሳልተማመን ቀርቼ አይደለም። ቦዩ ሲቆረጥ አካሉ ይረግባል፤ የበሩ ክፍተት በብረት ዘንግ ተወጥሮ ሳይያዝ፣ አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው ከተነካ፣ በሮቹ ዳግመኛ በልካቸው አይዘጉም። መሪውና የፊት እግሮቹ የተያያዙበት የወለሉ ጫፍ ከዛገም እንዲሁ ነው። እዚያ የሰው ሕይወት አለ።

ወለሉ ሊጠገን ከሆነ ወንበሮቹን፣ ምንጣፉንና ከምንጣፉ ሥር ያለውን ሬንጅ የተቀባ ድምፅ ማፈኛ ሁሉ ያውጡ፤ በብየዳ ሙቀት በቀላሉ ይቀጣጠላል። ባትሪውን ይንቀሉና ከመኪናው ያርቁ። ብዙዎች የማያስተውሉት አደጋ ግን ሌላ ነው። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ፤ ቤንዚኑ የሚያልፈው በወለሉ መሐል ባለው ዋሻ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ነው። የወለሉ ላሜራ የሚበየደው ደግሞ ከዚሁ ዋሻ ጎን ላይ ነው። ስለዚህ ታንከሩ ወርዶ፣ ቱቦው ተፈትቶና ባዶ ሆኖ ካልተነፋ በቀር አንድም የብየዳ ብልጭታ አይፍቀዱ። እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር፤ ብየዳው ካለቀ በኋላም ሳይሄዱ ይቆዩ። መኪናዋ የምትቆመው በጠንካራ ካቫሌቶ ላይ ነው፤ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር አይግቡ።

የዛጉ ቡሎኖችን በጉልበት አይታገሏቸው። በሽቦ ብሩሽ ያጽዷቸው፣ ዘይት ያጠጧቸው፣ ያሳድሯቸው። ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ወደ መፍታት እያፈራረቁ ያንቀሳቅሷቸው። የፓራፋንጎ ቡሎኖች የሚገቡት አካሉ ላይ በተበየዱ ዳዶዎች ውስጥ ነው፤ ቡሎኑ ከተቆረጠ የሚቀጥለው ሥራ በትራፓኖ መብሳት ነውና ትዕግሥቱ ይሻላል።

የበሰበሰውን ሲቆርጡ ዝገቱ ያለቀበት የመሰለዎት መስመር ላይ አያቁሙ፤ ብረቱ በሁለቱም ገጽ ነጭና ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ይሂዱ። የቀዳዳውን ማዕዘኖች ክብ ያድርጓቸው፤ ሹል ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ይጀምራል። ቅርጹን በካርቶን ገልብጠው ወደ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ ያስተላልፉ። ከዚህ የሳሳ አይጸናም፣ ከዚህ የወፈረ ደግሞ ከአሮጌው ብረት ጋር እኩል አይቀልጥም። ልብ ይበሉ፦ የፋብሪካው ወለል ዝርግ አይደለም፤ ተጭኖ የወጣ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። ዝርግ ላሜራ ብቻ ከተለጠፈ ሰው ሲረግጠው ይረግባል። መስመሩን በጠርዝ ብረት ላይ በመዶሻ ማውጣት ይቻላል፤ የእኛ አገር ባትላሜራዎች ከፋብሪካ የተዘጋጀ ወለል በማይገኝበት ጊዜ ይህን በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ሥራቸውን ቁጭ ብሎ ማየት ትምህርት ቤት ነው። የወንበሩ ሐዲዶችም ከወለሉ ጋር ስለሚወጡ ከመቁረጥዎ በፊት ርቀታቸውን ይለኩ፣ ይጻፉ።

በርና መስኮት የሚሠራ ጎረቤት በያጅ ካለዎት ለዚህ ሥራ አይጥሩት። በኤሌክትሮድ የሚሠራው ብየዳ ለቀጭን ላሜራ ኃይለኛ ነው፤ ይበሳዋል። የሚፈለገው በያጆች ሲኦቱ የሚሉት፣ ሽቦ እየመገበ በጋዝ የሚሸፍነው ማሽን ነው፤ ሽቦው 0.6 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። አዲሱን ቁራጭ በአሮጌው ላይ ከመደረብ ጠርዝ ለጠርዝ ማገናኘት የተሻለ ነው፤ በተደረበ ላሜራ መካከል የሚቀረው ክፍተት ሌላ የውሃ ማደሪያ ነው። ብየዳው ነጥብ በነጥብ ይሁን፤ አንዱ እዚህ፣ ቀጣዩ በተቃራኒው ጎን፣ በመሐል እንዲቀዘቅዝ እየጠበቁ። በአንድ ትንፋሽ የተሳበ ብየዳ ላሜራውን ያጣምመዋል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ከሆነ ልባጡን ከብየዳው መስመር ላይ ያንሱት፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

ላሜራውን ያልበሳ የላይ ላዩ ዝገት ብየዳ አይፈልግም። በሽቦ ብሩሽ የሚረግፈውን ካራገፉ በኋላ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማከሚያ የቀረውን ስስ ዝገት ወደማይንቀሳቀስ ጥቁር ሽፋን ይለውጠዋል። በቅርፊት ላይ ከተቀባ ግን ከንቱ ነው፤ ከላይ ያለውን ብቻ ነክቶ ከሥሩ ያለውን ይተወዋል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሲፍቁ በውሃ ያርጥቡት፣ የመተንፈሻ ጭንብል ያድርጉ፣ ሕፃናትን ያርቁ።

ስቱኮ ጠላት አይደለም፤ ጠላት የሚሆነው ያለ ቦታው ሲውል ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ ቀዳዳ ላይ ከተለጠፈ ውሃውን ወደ ብረቱ ያደርሳል። በተበየደና በተዘጋ፣ የኢፖክሲ አንቲረስት በተቀባ ላሜራ ላይ፣ ከ3 ሚሊሜትር ሳይበልጥ፣ የመዶሻን ጎርበጥ ለማስተካከል ሲውል ግን ለዓመታት ይቆያል። ማጠንከሪያው ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ በዛ ያለ ማጠንከሪያ ቀለሙን ያበላሻል፣ ያነሰው አይደርቅም። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው፣ በ180 አልፈው፣ በ320 ይጨርሱ፤ ስቱኮውን በውሃ አይፍቁት።

የመጨረሻው ቀለም ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ዓይነት ከሆነ በግቢ አይርጩት። የሚረጨው ጭጋግ ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፣ ተራ ጭንብልም አይመልሰውም፤ ለቀለም ቤት ይስጡ። አንቲረስት ብቻ ተቀብቶ ክረምት እንዳይገባ ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ አንቲረስቶች እርጥበት ያሳልፋሉ። ሥራውን ከጥቅምት በኋላ በፀሐያማው ወቅት ጀምሮ ከሰኔ በፊት ቀለሙን መዝጋት ነው የሚበጀው።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ መገጣጠሚያዎችን በማሸጊያ ይዝጉ፤ በበሮቹ ውስጥና ሌሎች ባዶ ቦታዎች ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ሰም በረጅም ቱቦ ይርጩ። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በሰም እንዳይደፍኗቸው በሽቦ ይክፈቷቸው። በየቦታው የሚመከረውን የተቃጠለ ዘይት ከሥር መቀባት እኔ አልደግፍም፤ ጎማዎችን ያበላሻል፣ አቧራ ያጋግራል፣ በዝናብ ታጥቦ አፈሩንና የጉድጓድ ውሃውን ይበክላል። ያረጁ የመስታወት ጎማዎችን በአዲስ ይተኩ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራን ዞሮ መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ አለው። ምንጣፉን ግን ቶሎ አይመልሱት። መጀመሪያ ሌላ ሰው በጎማ ቱቦ ከጣሪያው ጀምሮ ውሃ ያፍስስ፤ እርስዎ ከውስጥ በባትሪ መብራት ወለሉን ይመልከቱ፤ የረጠበ ቦታ ካገኙ ከዚያ ወደ ላይ ተከትለው መግቢያውን ይዝጉ፣ ደግመውም ያስፈስሱ። ወለሉ ደርቆ ሲያድር ምንጣፉ ይነጠፋል።