ምዕራፍ 7፦ ለመጀመሪያ ቤትዎ ሞርጌጅ ብሮከር ሲመርጡ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤቱን ለማግኘት ወራት ይፈጃሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ቅዳሜና እሁድን ሲዞሩ ይከርማሉ፤ ብድሩን የሚያመጣላቸውን ሰው ግን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ በሰሙት ስም፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ይወስናሉ። ያ ብድር ደግሞ 30 ዓመት ሊከፈል ነው። ዘመድ የጠቆመውን ሰው አትመኑ ማለቴ አይደለም። በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ጥቆማውን በደስታ ይቀበሉ፤ ማጣራቱን ግን ራስዎ ይሥሩት።

ብሮከር የራሱን ገንዘብ አያበድርም። ማመልከቻዎን ለተለያዩ አበዳሪዎች አቅርቦ የተሻለውን ያፈላልግልዎታል። የባንክ ሎን ኦፊሰር ግን የሚያቀርበው የባንኩን ብድር ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ከስንት አበዳሪ ጋር ይሠራሉ?» ብለው ይጠይቁ። ቀጥሎ የኤንኤምኤልኤስ ቁጥሩን ይቀበሉ። ከ2008ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ በቤት ብድር ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ይህ የምዝገባ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው። ቁጥሩን «ኤንኤምኤልኤስ ኮንሲውመር አክሰስ» በተባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ሰውየው በየትኞቹ ስቴቶች ፈቃድ እንዳለው፣ ቀደም ሲል የት እንደሠራ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እርምጃ ወስዶበት እንደሆነም ያገኛሉ። ቤቱ ቨርጂኒያ ከሆነ የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻውን አይበቃውም።

ክፍያውን መጠየቅ ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል። ሰውን «ስንት ታገኛለህ?» ማለት ከአስተዳደጋችን ጋር አይሄድም። እዚህ ግን ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። ብሮከር የሚከፈለው ወይ ከእርስዎ ወይ ከአበዳሪው ነው፤ በአንድ ብድር ከሁለቱም መቀበል በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። ከፍ ያለ ወለድ ስላስፈረመዎትም ተጨማሪ ሊያገኝ አይችልም። ከብድሩ መጠን ላይ ግን ፐርሰንት ማግኘት ይፈቀድለታል። «ከዚህም በላይ መበደር ይችላሉ» ሲልዎ ይህን ያስታውሱ፤ የልጆችን ወጪና አገር ቤት የሚልኩትን ገንዘብ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። «ከእርስዎ ምንም አልወስድም» የሚልም ይኖራል፤ አበዳሪው የሚከፍለው ግን ዞሮ ዞሮ ወለድዎ ውስጥ ይገባል። ሪልተሩም ወደዚያ ብሮከር ስለመራዎ ብቻ ጉርሻ እንዳይቀበል በ1974 የወጣው ሕግ ይከለክላል።

የተባለው ሁሉ በወረቀት የሚታየው ሎን ኢስቲሜት በሚባለው ባለ 3 ገጽ ሰነድ ላይ ነው። ስምዎን፣ ገቢዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን፣ የቤቱን አድራሻና ግምት፣ የሚፈልጉትንም የብድር መጠን ከሰጡ በኋላ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ፣ በአንድ ቀን ያስወጡ፤ ወለድ በየዕለቱ ስለሚለዋወጥ የሰኞውን ከዓርቡ ጋር ማስተያየት ያሳስታል። ክሬዲቴ ይጎዳል ብለው አይስጉ፤ በ45 ቀን ውስጥ የሚደረጉ የሞርጌጅ ፍተሻዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሰነዶቹን ጎን ለጎን ሲያዩ በወለዱ ብቻ አይወስኑ። 400 ሺህ ዶላር ለ30 ዓመት ቢበደሩ በ6.75 እና በ6.5 ፐርሰንት መካከል ያለው ልዩነት በወር 66 ዶላር ገደማ ነው፤ ተጠራቅሞ ከ23 ሺህ ዶላር ያልፋል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ዝቅተኛው ወለድ የተገኘው አንድ ፖይንት፣ ማለትም የብድሩን 1 ፐርሰንት ቀድሞ በመክፈል ሊሆን ይችላል። ያ 4 ሺህ ዶላር ነው፤ በወር 66 ዶላር እያተረፉ ለመመለስ 5 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ቤቱን ከሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ካደረጉ ከስረዋል። ፖይንቱም የብሮከሩ ክፍያም፣ ከእርስዎ የሚወሰድ ከሆነ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ኤ» በሚለው ክፍል ይገኛሉ።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ግን ብሮከሩ ራሱ የሚጠይቀውን ነው። ሁለት ደቂቃ አነጋግሮዎት «ችግር የለም፣ ያልቃል» የሚል ሰው ያሳስበኛል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ወገናችን፣ የራሱን ሱቅ የከፈተች እህታችን፣ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ሰነድ ይጠየቃሉ። አበዳሪው የሚቆጥርላቸውም በእጃቸው የገባውን ሁሉ ሳይሆን ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ለታክስ ያሳወቁትን ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን የሚነግር ብሮከር፣ ኮንትራት ፈርመው ተቀማጭ ካስያዙ በኋላ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። ለዳውን ፔይመንት ብለው ዕቁብ የሚገቡ ብዙ ናቸው፤ መልካም የቁጠባ ዘዴ ነው። አበዳሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የ2 ወር የባንክ መግለጫ ያያል፤ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካገኘ ምንጩን ይጠይቃል። ዕቁቡ ቀድሞ ወጥቶልዎ ከሆነ የሚቀረው መዋጮ ዕዳ ስለሆነ እሱንም መናገር ይኖርብዎታል። ማኅበረሰባችንን የሚያውቅ ጥሩ ብሮከር ይህን ቀድሞ ያነሳል፤ የዕቁቡን ዝርዝርና የከፈሉበትን ማስረጃ እንዲይዙ ያደርጋል፤ አበዳሪው ይቀበለው እንደሆነም አስቀድሞ ያጣራል። «ወንድሜ በስጦታ ሰጠኝ ብለህ ጻፍ» የሚልዎት ካጋጠመዎት ግን የዚያኑ ቀን ይለዩት። በብድር ማመልከቻ ላይ እያወቁ ሐሰት መጻፍ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ወረቀቱም ላይ የሚያርፈው የእርስዎና የወንድምዎ ፊርማ ነው።