ሁለተኛው በረኛ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ በረዶ ሆኪ ተቀያሪ በረኛ ነው። እኔም የክፍላችን ተቀያሪ በረኛ ስለሆንኩ ነገሩ ይመለከተኛል።

የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱት በበረዶ ሜዳ ላይ፣ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ነው። ኳስ የለም፤ በዱላ የሚመቱት ፓክ የሚባል ክብና ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ቢሆንም፣ በኃይል ሲመታ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። በረኛው ፊቱን በጭንብል፣ እግሩን በወፍራም መከላከያ የሚሸፍነው ለዚህ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ይባላል። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ 82 ጨዋታ ነበረው፤ ይህን ሁሉ አንድ በረኛ አይችለውም። ስለዚህ በተከታታይ ሁለት ቀን ጨዋታ ሲኖር ብዙ ጊዜ አንዱን ቀን ሁለተኛው በረኛ ይገባል። በሌላው ቀን ሙሉ ትጥቁን ለብሶ ይቀመጣል፤ ለሚገቡና ለሚወጡ ተጫዋቾችም በር ይከፍታል። (እኔ እንኳን ውሃ ነው የማቀብለው!)

ድሮ ሁለተኛ በረኛ የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1928 በዋንጫው ፍጻሜ ላይ የኒውዮርክ ሬንጀርስ በረኛ ሎርን ሻቦ ዓይኑን በፓክ ተመትቶ ወጣ። ማን ይግባ? የ44 ዓመቱ አሰልጣኝ ሌስተር ፓትሪክ ራሱ ገባ። ቡድኑም በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈ።

አሁን በየጨዋታው ሁለት በረኞች ይዘጋጃሉ። ሁለቱም ቢጎዱስ? ለዚህ ደግሞ ስታዲየሙ ውስጥ ለሁለቱም ቡድን የሚያገለግል አንድ ሰው ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ቶሮንቶ ከተማ ላይ የካሮላይና ሃሪኬንስ ሁለቱም በረኞች ተጎዱ። ተጠርቶ የገባው ዴቪድ አይርስ 42 ዓመቱ ነበር። የበረዶ ሜዳ የሚያስተካክለውን መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኩላሊቱ ታሞ እናቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታዋለች። የሚገርመው፣ ተጋጣሚው የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ እሱ በልምምድ ላይ በረኛ ይሆንለት የነበረው ቡድን ነው!

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ሁለቱም ጎል ሆኑ። ጓደኛዬ ይሄን ሳነብለት «በቃ፣ አለቀለት» አለኝ። አይርስ ግን ከዚያ በኋላ የተመቱበትን 8 ምቶች በሙሉ አዳነ። ካሮላይና 6 ለ 3 አሸነፈ፤ የያዘው ዱላም ወደ ሆኪ ሙዚየም ገባ።