ጡትን የሚጠብቅ መድኃኒት በማኅፀን ላይ ምን ያደርጋል?

አንድ መድኃኒት በአንድ ሰውነት ውስጥ ለአንዱ ክፍል ወዳጅ፥ ለሌላው ባላጋራ ሊሆን ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በጡት ነቀርሳ ታምመው ታሞክሲፌን የተባለውን ክኒን በየቀኑ የሚውጡ እናቶችና እኅቶች በየቤታችን ሊኖሩ ስለሚችሉ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሞክሲፌን በመጀመሪያ ለነቀርሳ የታሰበ አልነበረም። በ1962 ዶራ ሪቻርድሰን የተባሉት እንግሊዛዊት የኬሚስትሪ ሊቅ ሲያዘጋጁት ዓላማው እርግዝናን መከላከል ነበር። በሴቶች ሲሞከር ግን የተጠበቀውን አልሠራም፤ እንዲያውም ዕንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ ሆኖ ተገኘ። ኋላ ለጡት ነቀርሳ መጥቀሙ ታውቆ በ1973 በእንግሊዝ፥ በ1977 በአሜሪካ ተፈቀደ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሴል ውስጥ ባለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ሴሉ እንዲባዛ ያዘዋል። አብዛኛው የጡት ነቀርሳ የሚያድገው በዚህ ትእዛዝ ነው። ተቀባዩን እንደ ወንበር ብንቈጥረው፥ ታሞክሲፌን ቀድሞ ይቀመጥበትና ኤስትሮጅን መቀመጫ ያጣል። በጡት ውስጥ ይህ እንግዳ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በማኅፀን ውስጥ ግን እንደ ባለቤቱ ማዘዝ ይጀምራል። ምክንያቱም ተቀባዩ ብቻውን አይሠራም፤ የሚያግዙት ፕሮቲኖች ከአካል ክፍል አካል ክፍል ይለያያሉ።

ከዚህም የተነሣ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ሊወፍር፥ ፖሊፕ የሚባል እባጭም ሊያበቅል ይችላል፤ አልፎ አልፎም ነቀርሳ ይነሣል። አደጋው በተለይ የሚታየው ባረጡ ሴቶች ነው።

መጠኑ ምን ያህል ነው? በ1998 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመው ጥናት የጡት ነቀርሳ ያልያዛቸውን ነገር ግን የሚያሠጋቸውን 13,388 ሴቶች ያካተተ ነበር። ታሞክሲፌን ከወሰዱት 1,000 ሴቶች መካከል በዓመት በአማካይ 2.3 ያህሉ የማኅፀን ነቀርሳ ሲያገኛቸው፥ ካልወሰዱት ያገኛቸው 0.9 ያህል ነበሩ። እንግዲህ «ከእጥፍ በላይ ጨመረ» ማለትም፥ «ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተጨመረ» ማለትም ሁለቱ እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ግን በከንቱ ይደነግጣል። በሌላው የሚዛን ወገን ደግሞ፥ ሆርሞን ተቀባይ ያለው የጡት ነቀርሳ ያለባት ሴት መድኃኒቱን 5 ዓመት ብትወስድ፥ በ15 ዓመት ውስጥ በዚሁ ነቀርሳ የመሞት ዕድሏ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። አንደኛው ሐኪም ሳያማክሩ ክኒኑን መተው ነው። ሁለተኛው ዝም ማለት ነው። የማኅፀን ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ ራሱን ቀድሞ የሚገልጸው በደም ነው፤ ያረጠች ሴት ጥቂት ነጠብጣብ እንኳ ብታይ፥ ገና ያላረጠችውም ከልማዷ የተለየ ደም ቢመጣባት፥ ሳትዘገይ መመርመር አለባት። ታሞክሲፌን ከሽፋኑ ሥር ያለውን ሥጋ ስለሚለውጥ የአልትራሳውንድ ሥዕል ሊያሳስት ይችላል፤ ቍርጡ የሚታወቀው ከሽፋኑ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ነው። ምልክት ለሌላት ሴት ግን በየጊዜው አልትራሳውንድ ማንሣት አይመከርም። ላረጡት ሴቶች አሮማቴዝን የሚገቱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱ ማኅፀንን ባይነኩም አጥንትን ያሳሳሉ፤ ምርጫው የሐኪምና የታማሚዋ ነው።

በኛ ዘንድ ስለ ማኅፀን ደም መናገር እንደ ነውር ይቈጠራል። እናት ለልጇ፥ እኅት ለወንድሟ አትናገርም፤ ለሐኪሙም ጭምር ትደብቃለች። ሕክምና የምናጠናም ሆንን ሕግ ወይም ምሕንድስና፥ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፥ ክኒኑን የምትውጥ ዘመድ ካለችን ይህን አንድ ነገር በአክብሮት እንንገራት፤ መድኃኒቱን አትተዪ፤ ደም ካየሽ ግን በዚያው ሳምንት ለሐኪምሽ ንገሪ።