የአሮጌው መኪና ንዝረት፤ ከማታር መንገድ የተገኘ ትምህርት



የእህል ዘርም ሆነ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ወደ ምእመናን ደጅ የሚደርሰው በመኪና ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም ስለ መኪና መማማር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ትምህርቱ የተገኘው በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ ከምትገኘው ከማታር ነው። ዋጋም አስከፍሎናል።

በማታር አካባቢ መሬቱ ሜዳና ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ መንገዱን ይይዛል፤ ጉዞው በጀልባ ይሆናል፤ መኪናውም በአንድ ስፍራ ለሳምንታት ይቆማል። በበጋ ደግሞ በደረቀ ጭቃ ላይ በዝግታ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ብቻ የሚታይ ሕመም በማታር ተሰውሮ ይኖራል። የሚገለጠው ከጋምቤላ ከተማ ተነሥተን በቡሬና በጎሬ በኩል ወደ መቱ ስንወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ነው።

የእኛም ላንድክሩዘር እንዲሁ ሆነ። ፍጥነቱ ከ75 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መሪው ይርገበገባል፣ ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። ኮሚቴው ተሰብስቦ «ጎማው ነው» ብሎ ወሰነና አራት አዳዲስ ጎማዎች ተገዙ። ገንዘቡ ለእጅ ፓምፕ መለዋወጫ ታስቦ የነበረ ነው። ንዝረቱ ግን አልጠፋም። ጎማዎቹ ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደረጉ፤ አሁንም አልጠፋም። በመጨረሻም «ሾፌሩ አያያዝ አያውቅም» የሚል ቃል በስብሰባ ላይ ተሰማ። ይህ ቃል ከጎማው ዋጋ ይልቅ የከበደ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን እንደ አዲስ መረመርነው። የተከተልነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ንዝረቱ የሚከተለው የመኪናውን ፍጥነት ነው ወይስ የሞተሩን? መኪናው ቆሞ ሞተሩ በነዳጅ ከፍ ሲደረግ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ በሞተሩ ወይም በሞተሩ መያዣ ጎማዎች ነው። ቆሞ ጸጥ የሚል ከሆነ ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ ሜዳማ መንገድ ላይ፣ ንዝረቱ በሚነሣበት ፍጥነት፣ ማርሹ ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ፎሌ ይመለስ። ንዝረቱ ከቀጠለ ምንጩ ከካምቢዮው በኋላ ባሉት በሚሽከረከሩት ክፍሎች፣ ማለትም በዘንጎቹ ወይም በጎማዎቹ ነው። በዚህ ፈተና ጊዜ ቁልፉን ማጥፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መሪው ሊቆለፍ፣ ፍሬኑም ሊከብድ ይችላልና። በቡሬ ቁልቁለት ላይም አይሞከርም።

ሁለተኛ፤ ንዝረቱ የሚሰማው የት ነው? መሪው ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ ነው፤ ወንበርና ወለል ላይ ከሆነ የኋላው ወገን ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ታምቡር ወይም ዲስክ ይመርመር። የንዝረቱ ዓይነትም ይናገራል። የእኛ ጎማ ዙሪያው ወደ 2.5 ሜትር ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ የዘንጉን ዙር ወደ አራት እጅ ስለሚቀንስ፣ ዘንጉ ራሱ በሴኮንድ 36 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ከጎማ የሚመጣው ንዝረት ሰፋ ያለ መርገብገብ ነው፤ ከዘንግ የሚመጣው ግን እንደ ንብ ድምፅ የደቀቀ ነው።

ሦስተኛ፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መኪናው ይታጠብ። በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል የደረቀ ጭቃ በዓይን አይታይም። ከመሐሉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተጣበቀ 100 ግራም ጭቃ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማውን በ6 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ይጎትታል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በዝግታ ስንሄድ ምንም የማይሰማን ስለዚህ ነው። እኛም ቸርኬዎቹን ከውስጥ በኩል በእንጨት ፍቀን በውኃ ስናጥብ የመሪው መርገብገብ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ባላንስ የተደረገው ጭቃው ሳይጸዳ ኖሯል፤ ጭቃው በመንገድ ላይ ሲረግፍ ሚዛኑ እንደገና ይፈርሳል።

አራተኛ፤ ጎማው ይታይ። ያበጠ ወይም በአንድ ወገን የተበላ ጎማ አደገኛ ነው። በክረምት ሲቆም የከረመ ጎማ መሬት የነካው ወገኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ አንዳንዱ ጥቂት ሲሄድ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ግን አይመለስም። በጎማው ጎን ከተጻፈው ምልክት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2317 ማለት በ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። የሚጠረጠረውን የፊት ጎማ ወደ ኋላ ማዛወር ያለ ወጪ የሚደረግ ፈተና ነው፤ ንዝረቱ ከመሪው ወደ ወንበር ከተዛወረ ጥፋተኛው ታውቋል። ጎማ ሲታሰር ዳዶዎቹ በየተራ፣ ፊት ለፊት ተሻጋሪ ሆነው ይጠበቁ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በፊትም እንደገና ይፈተሹ።

አምስተኛ፤ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ የፊት ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ላልቷል። ካልጠፋ ግን ጎማው የሚታጠፍበት አንጓ ተበልቷል። ከግራና ከቀኝ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የመሪው ማያያዣዎች ይመርመሩ።

ስድስተኛ፤ የፊት ጎማ መቆለፊያዎች ይከፈቱ። ከጭቃ ወጥተን አስፋልት ስንይዝ መቆለፊያውን ሳንከፍት የምንረሳው ብዙ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የፊቱ ዘንግ ያለ ሥራ ይዞራል። መቆለፊያው ሲከፈት ንዝረቱ ከጠፋ ችግሩ ከፊቱ ዘንግ ወገን ነው። በእኛ መኪና ለውጥ አልነበረም፤ በወንበር የሚሰማው የደቀቀ ንዝረት እንዳለ ነበር። ነዳጅ ሲሰጥ ይጨምራል፣ ሲለቀቅ ይቀንሳል። ይህም ወደ ኋላው ዘንግ አመለከተን።

ከመኪናው ሥር ገብተን ስናይ ምሥጢሩ ተገለጠ። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ክሮቼራዎች ማዕዘን ይዘው ሲሠሩ ዙሩን አንድ ጊዜ ያፈጥኑታል፣ አንድ ጊዜ ያዘገዩታል፤ ይህም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይሆናል። የፊተኛው ያዛባውን የኋለኛው የሚያቃናው በአብዛኞቹ መኪኖች እንደሚደረገው የሁለቱ ጫፎች ሹካዎች በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው። ዘንጉ በመሐሉ ጥርስ ባለው መጋጠሚያ ይለያያል፤ ሲገጠም ጥቂት ጥርስ እንኳ ከሳተ ሁለቱ መረዳዳታቸው ቀርቶ ይጣላሉ። የእኛ ዘንግ ምልክቶቹ አልገጠሙም ነበር። መካኒኩ ፈትቶ በምልክቱ ገጠመው፤ ግራሶም ሰጠው። በቀጣዩ ጉዞ እስከ መቱ ድረስ ወንበራችን ጸጥ አለ።

እንግዲህ ሁለት ሕመሞች አንዱ ሌላውን ሸፍነው ኖረዋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሾፌራችን ገና በመጀመሪያው ቀን «ክሮቼራው ከተቀየረ ወዲህ ነው» ብሎ ተናግሮ ነበር። ማንም አልጻፈውም። እኔም ከሰሙት አንዱ ነበርኩ፤ በቃለ ጉባኤው ግን «ጎማ ይገዛ» ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ስብሰባ ሾፌሩን በተናገርንበት ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ይቅርታውም በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ኮሚቴዎች ሦስት ነገሮችን እንድታደርጉ በትሕትና እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ በመኪናው ውስጥ ደብተር ይኑር፤ ምን እንደ ተፈታ፣ ምን እንደ ተገጠመ፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥና ይሞከር፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ ግዥ ከመወሰኑ በፊት ሾፌሩ ወደ ስብሰባው ይጠራና «ንዝረቱ ከመጀመሩ በፊት በመኪናው ላይ የተነካው ምን ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በቃሉ እንዳለ ይጻፍ። ይህ ጥያቄ ምንም ወጪ የለውም። እኛ ሳንጠይቀው በመቅረታችን ግን አንድ የውኃ ፓምፕ ለወራት ሳይጠገን ቆይቷል።